ሜክሲኮ ደርሶ መልስ

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አባቴ ኮፍያውን ደፍቶ፣
«ተሳፈሩ!» ይለናል፣ የፊያቷን በር ከፍቶ።
ሦስት ልጆች ከኋላ፣ እማዬ ከፊት ወንበር፣
ፔርሙዙ ጭኗ ላይ፣ ቅቅል ድንች በሻሽ ታስሮ ነበር።
እኔ ረዳት ነኝ፤ በመስኮት አንገቴን አስግጌ
«ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረ!» እላለሁ፣ ተሳፋሪ ፈልጌ።

የቤንዚን ኩፖናችን ቃሊቲን የሚያሻግር አይደለም፤
ከእኛ ቤት ናዝሬትን በጎማ የረገጠ የለም።
አባቴ ግን የፖስታ ቤት ሰው፣ ደብዳቤ ለዪ በየከረጢቱ፣
ጊምቢን፣ ጎሬን፣ ጂንካን፣ ሒርናን እንደ ዳዊት የሚያውቃቸው ከጥንቱ።
ከተማን የሚለያት በጠረኗ፣ ማኅተሟን ሳያይ ገና፤
ያሳይታ ፖስታ ይንኮሻኮሻል፣ የጎሬ ያብጣል፤ ዝናብ ነውና።
በዓይኑ ያያት ግን አንዲት የለችም።

ስለዚህ አገሩን አጣጥፎ ከተማው ውስጥ ከተተው።

ከደጃችን ሳንርቅ፣ «በረሃ ነው፣ ውኃ ያዙ!» ይላል፤
ውቤ በረሃ፤ ምንትዋብን የእውነት ይጠማታል።
አራት ኪሎ ላይ መሪውን ለቆ በጣቱ ይቆጥራል፤
«አራት ኪሎ ሜትር ሄደናል፤ ሜክሲኮ ገና ይቀራል።»

ለገሃር ሞተር ይጠፋል፤ ጨዋታም ይቆማል ላንድ አፍታ።
ታኅሣሥ ከሆነ፣ በኩሉቢ ተሳላሚ ተጨናንቋል ያ ቦታ፤
ጥላና ጧፍ፣ ብርድ ልብስ፣ ሻንጣ በራሱ የሚገፋ፣
በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሚያንቀላፋ።
አባቴ አንዱንም አያውቅም፤ ሁሉንም ይሸኛል፤
«ሒርናን ሰላም በሉልኝ!» ይላል።
ወደኛም ዞሮ፣ «ለከርሞ እኛም።»
ከርሞ መጣ። ከርሞ ሄደ።
ከባቡር የወረደ መንደሪን ይገዛና ልጣጩን መስታወቱ ሥር ያሰጣል፤
መኪናዋ እስከ ማክሰኞ ድሬዳዋ ድሬዳዋ ትሸታለች።

ሜክሲኮን ሦስት ጊዜ እንዞራታለን።
«ሜክሲኮዎቹ የታሉ?» ይላል ሲሳይ።
«እሑድ ነው፤ ተኝተዋል። ቀስ ብለህ አውራ።»
ድንቹን በሹክሹክታ እንበላለን።

ሊማሊሞ ግን በመልስ ነው፤ የቸርችል ዳገት።
ጥቁር አንበሳ ጋ ትጀምራለች ማቃሰት፣
ፖስታ ቤቱን ስታልፍ ታጨሳለች በእንፋሎት፣
ወርደን እንገፋለን። እማዬ ነጠላዋን አደግድጋ፣
በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በአንድ እጇ መኪና።
አባቴ መሪውን ይዞ፣ «ገደሉን እንዳታዩ! ዝንጀሮ አለ!»
እንስቃለን፤ ስንስቅ ጉልበት ያንሰናል፤ ፊያቷ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፤
ደግሞ እንገፋለን።

ሰፈራችን ዛሬ ሰፊ አስፋልት ነው።
ፊያቷ ትቆምበት የነበረው ጋ አግዳሚ ወንበርና መብራት ተተክሏል፤
እዚያ ቁጭ ብዬ የአውቶቡስ ትኬቶቼን አያለሁ።

በዓል አያመልጠኝም አሁን። ሆራ ለኢሬቻ ወርጃለሁ፣
ጊምቢ አድሬአለሁ፣ ጎሬ ላይ ፖስታ ቤቱ በረንዳ ዝናብ ተጠልያለሁ፤
እውነቱን ነው፣ ያሳብጣል።
ለኩሉቢ ስሄድ ሒርና ላይ ቆምን።
ወርጄ ሎሚ ሻጯን፣ «አባቴ ሰላም ብሏችኋል» አልኳት።
አላፈጠጠችብኝም። ሎሚዋን እየቆጠረች፣
«አልሐምዱሊላህ፤ እሱስ ደህና ነው?»
«ደህና ነው» አልኩ።
አሥራ አንድ ዓመቱ ነው ካረፈ።

የእውነቱን ሊማሊሞ ያየሁት ዘንድሮ፣ ከጎንደር ጥምቀት ማግስት።
ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ፣ «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» ይላል።
እኔ፣ «ቸርችል» አልኩ።
ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ ዐየኝ፤
ለካስ በሁለት እጄ
የፊቱን ወንበር እየገፋሁ ኖሯል።